ቢቲ ጥጥ፦ የደቡባዊ አፍሪካ ተሞክሮ ለጥጥ አምራቾች ምን ያስተምራል?

የጥጥ አምራቾችን ክፉኛ ከሚፈትኑ ተባዮች አንዱ የጓይ ትል ነው። ትሉ ፍሬውን ሰርስሮ ስለሚገባ ከውጭ የሚረጭ ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም። ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት አንዱ በባዮቴክኖሎጂ የተሻሻለው ቢቲ ጥጥ ነው።

አሠራሩ

ቢቲ ጥጥ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ-መል የገባበት ነው። ተክሉ በዚህ ዘረ-መል አማካኝነት የሚያመርተው ፕሮቲን የትሉን አንጀት በመጉዳት ይገድለዋል። ይሁን እንጂ ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን የመሳሰሉ መጣጭ ተባዮችን ስለማይከላከል፣ ማሳን መከታተል አይቀሬ ነው።

የደቡባዊ አፍሪካ ተሞክሮ

ደቡብ አፍሪካ ቢቲ ጥጥን ማምረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ማካቲኒ በተባለው ሜዳማ አካባቢ የሚኖሩ አብዛኞቹ አነስተኛ አርሶ አደሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩን ተቀበሉ። ሆኖም የብድር አቅርቦቱ ሲቋረጥ ጥጥ የሚዘሩት ቁጥር እጅግ አሽቆለቆለ። ዘሩ ተባይን ቢቋቋምም፣ የብድርና የገበያ ችግርን አልፈታም። ኢስዋቲኒና ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቲ ጥጥን ፈቅደዋል። ዛምቢያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በድርቅ ወቅት የቀረበላትን ልውጠ ህያው የበቆሎ እርዳታ አልቀበልም ብላለች።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ልውጠ ህያዋንን በጥብቅ የሚቆጣጠረውን የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አውጥታ ነበር። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ሲሻሻል ለምርምርና ለምርት የሚሰጠው ፈቃድ ቀለል አለ። በዚህም መሠረት ከሕንድ የመጡ ሁለት ድቃይ የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች በአገር ውስጥ ተሞክረው በ2010 ዓ.ም. ለምርት ተፈቀዱ።

አርሶ አደሩ ሊያጤናቸው የሚገቡ

የድቃይ ዘር ምርት መልሶ ቢዘራ የመጀመሪያውን ያህል ስለማይሰጥ፣ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት። በመሆኑም አርሶ አደሩ ዘሩን ከመግዛቱ በፊት ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ በቀጣዩ ዓመትም በወቅቱ እንደሚቀርብ፣ ምርቱን ማን በምን ዋጋ እንደሚረከበውና ዝናብ ቢያጥር ብድሩ እንዴት እንደሚከፈል ማረጋገጥ ይኖርበታል። ትሉ ፕሮቲኑን እንዳይላመድ ከቢቲው አጠገብ መደበኛ ጥጥ መዝራትም ይመከራል።

በግልገል በለስና አካባቢው የሚገኙ አርሶ አደሮች በዘር መረጣ ረገድ የወረዳውን የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልን ማማከር ይችላሉ።