ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአረጋውያን ማገገም

ከደባርቅና ከዳባት ለከፍተኛ ቀዶ ሕክምና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተልከው የተመለሱ አረጋውያንን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ "አይነሱ፣ ይረፉ" ይላቸዋል። ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ይጎዳቸዋል። ረጅም መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፤ በእግር ሥር ደም ያረጋል፤ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል።

ዴንማርካዊው ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት አሠራር የሕመም ስሜትን በሚገባ ማስታገስን፣ ቶሎ መመገብንና ቶሎ መነሣትን ያጣምራል። ሐኪም ከፈቀደ ታካሚው በዕለቱ ወይም በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎም ተደግፎ ጥቂት ይራመዳል። ይህን የሚያግዘው በአብዛኛው አስታማሚው ነው።

በደጋው የገብስ በሶ ብርታት ይሰጣል፤ ለቁስል መጠገን ግን ብቻውን አይበቃም። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ለማይቀምሱ አረጋውያን ሽሮ፣ ባቄላና ምስር ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ድንገተኛ መቀባዠር፣ በተለይም ሌሊት የሚብሰው፣ በእርጅና ወይም በመንፈስ ተመካኝቶ ሊታለፍ አይገባም፤ የኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊሆን ይችላል። የለመዱት ሰው ከአጠገባቸው መሆኑና መነጽራቸውን ማድረጋቸው ያረጋጋቸዋል። መቀባዠር፣ ትኩሳት፣ የቁስል መምገል፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያ ወዳለ የጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።