የሰማያዊ ካፖርቱ ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ላውጋችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክራይስትስ ሆስፒታል ይባላል። ስሙ ያሳስታል እንጂ በ1552 ለንደን ውስጥ ለድሃ ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ረጅም ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ካልሲ ይለብሳሉ። ገጣሚው ኮልሪጅና ደራሲው ቻርልስ ላም እዚያ ነው የተዋወቁት። ላም ያን ሁሉ እየጻፈ እንጀራውን የበላው ግን 33 ዓመት የንግድ ኩባንያ ጸሐፊ ሆኖ ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን መሐንዲሱ ባርነስ ዋሊስ ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ። አባቱ ሐኪም ቢሆንም ፖሊዮ አካሉን ጎድቶት ቤቱ ተቸግሮ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ፋብሪካ ገብቶ ተለማማጅ ሆነ፤ ዲግሪውን ያገኘው በ1922 ከውጪ ተፈትኖ ነው። እኛ ዲግሪ ይዘን መሪ ጨበጥን፣ እሱ መፍቻ ጨብጦ ወደ ዲግሪ ሄደ!

በ1943 የጀርመን ግድቦችን ለማፍረስ ውሃ ላይ የሚነጥር ቦምብ ሠራ። በደቂቃ 500 ጊዜ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ከ18 ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ እየነጠረ የመከላከያውን መረብ ይዘላል፤ ግድቡን ተጠግቶ ይሰምጥና ከውሃው ሥር ይፈነዳል። ስሌቱ ሠራ፤ ሁለት ትልልቅ ግድቦች ተደረመሱ። ከዘመቱት 133 አየር ኃይሎች ግን 53ቱ ሞቱ። ታች ጎርፉ ከሺህ በላይ ሰው ጠረገ፤ ብዙዎቹ ጀርመኖች በግድ ያመጧቸው የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ። ስለ እነሱ ብዙ አይወራም።

የልጆቹ ሞት ከዋሊስ ልብ አልወጣም። ከጦርነቱ በኋላ ለፈጠራው 10,000 ፓውንድ ሲሸለም ለራሱ አላስቀረውም። ሰማያዊ ካፖርት ላለበሰው ትምህርት ቤት ሰጠው፤ የሞቱ አየር ኃይሎች ልጆች እንዲማሩበት።