ጅብ ሳያልፍ የሚጮኸው

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የሚነካው ነገር ካለፈ በኋላ የሚነሣ ሰውን ቢሆንም፣ ስሙ አብሮ የጠፋው የውሻው ነው። በወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብለው በተዘረጉት የቦረናና የአማራ ሳይንት ደጋዎች በግ የሚያረባ ገበሬ ግን ውሻ የሚያሳድገው ጅቡ ሳያልፍ እንዲጮህለት ነው።

ይህ ውሻ የተለየ የዘር ስም የለውም፤ በደፈናው «የሀበሻ ውሻ» ይባላል። ትውልዱን የሚቆጥርለት መዝገብም የለም። የሩቅ አመጣጡን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የጥንታዊ ዘረ መል ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ጥናቱ የአፍሪካን ውሾች የዘር ግንድ ከምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ጥንታዊ ውሾች ጋር አዛምዶታል። በግና ፍየልም ወደ አፍሪካ የገቡት ከዚያው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ውሻውና መንጋው አብረው ሳይጓዙ አልቀሩም።

በዓለም ላይ ስም ያወጡ የእረኛ ውሾች ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። አንደኛው መንጋ መንዳት ነው። በዚህ የሚታወቀው የብሪታንያው ቦርደር ኮሊ ድምፁን ሳያሰማ፣ አጎንብሶና ዓይኑን በበጎቹ ላይ ተክሎ ወደተፈለገበት ይመልሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1873 በዌልስ፣ ባላ በተባለች ከተማ ይህን ችሎታ የሚፈትን የእረኛ ውሾች ውድድር ተካሄደ። በ1893 የተወለደው «ኦልድ ሄምፕ» የተባለ ውሻም የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለተኛው ሥራ ጥበቃ ነው። የቱርኩ ካንጋል ከቡችላነቱ ከበጎች ጋር ያድግና እንደ ቤተሰቡ ይጠብቃቸዋል። በናሚቢያም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዚህ ዘርና የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ውሾች ለገበሬዎች እየተሰጡ መንጋውን ከአቦሸማኔ ሲያስጥሉ፣ አቦሸማኔውንም ከገበሬው ጥይት አትርፈዋል።

የወሎ ደጋ ውሻ ከጠባቂዎቹ ወገን ነው። በሰፊ ተራራ ላይ ብዙ መቶ በግ ለሚያሰማራ ብቸኛ እረኛ የሚነዳ ውሻ ግድ ይለዋል። እዚህ ግን መንጋው ትንሽ ነው፤ ግጦሹም ከገብስ ማሳ ጋር ተያይዟል። በግ መመለስ ጅራፍና ወንጭፍ የያዘ ልጅ ሥራ ነው። ውሻው ቀን አብሮ ከዋለ ቀበሮ ያባርራል፤ አዝመራው ሲደርስም ጭላዳ ከማሳ ያስወጣል።

ዋናው ሥራው የሚጀምረው በጎቹ ጉረኖ ሲገቡ ነው። ኃይለኛ እንዲሆን የተፈለገ ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይለቀቃል። መንገደኛ ሲያልፍ ጮኽ ጮኽ አድርጎ ይተወዋል። ጅብ ሲጠጋ ግን ጩኸቱ አያቋርጥም፤ ወደ አጥሩ ይሮጣል፣ ወደ በሩ ይመለሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ዱላውን ይዞ ብርሃን እያበራ፣ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ይወጣል፤ የጎረቤት ውሾችም ይቀባበላሉ። አንድ ውሻ ከጅብ ጋር ተናንቆ አያሸንፍም። ጥቅሙ ሰው እስኪደርስ ጊዜ መግዛቱ ላይ ነው።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋልደው በሚኖሩበት በዚህ አገር የውሻ ቦታ ከደጅ ነው። የእስልምና አስተምህሮ ውሻን ከቤት ቢያርቅም ለመንጋ፣ ለእርሻና ለአደን የሚያዘውን ለይቶ ይፈቅዳል። በክርስቲያኑም ዘንድ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ሆኖም ከሁለቱም ቤት አጓትና ቂጣ ይደርሰዋል።

የዚህ ጠባቂ ትልቁ ጣጣ ወደ ዱር እንስሳትና ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። የደንቆሮ ደንን ይዞ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ እንስሳ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀይ ቀበሮዎች በምግብ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ቢጀመርም፣ የበሽታው ምንጭ ደጅ ያለው ውሻ ነው። በሽታው ሰውንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ውሻን መግደል ገበሬውን ለጅብ አሳልፎ መስጠት ስለሚሆን መፍትሔ አይሆንም። መንጋው ከግጦሽ ሲመለስ ውሻው ፓርኩ ውስጥ እንዳይቀር መጠበቅና በየዓመቱ ማስከተብ ግን ይቻላል። የእንስሳት ሐኪም በግ ለመከተብ ቀበሌ ሲወርድ፣ በጎቹን ሲጠብቅ ያደረው ውሻም አብሮ ሊከተብ ይገባል።