ደረቅ ሸለቆና የክፉ ቀን መዝገብ

በግእዝ ቋንቋ «ዘገበ» ማለት ሰበሰበ፥ አከማቸ፥ ለኋላ ቀን አስቀመጠ ማለት ነው። ከዚህ ግስ የወጣው «መዝገብ» የሚለው ስም በጥንቱ አነጋገር የእህልና የገንዘብ ማኖሪያ ቤትን ያመለክታል። በአማርኛ ግን መዝገብ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ስምና ቍጥር የሚጻፍበት ደብተር ነው። ሁለቱ ትርጕሞች በአንድ ቃል መገናኘታቸው መልካም ምሥጢር አለው። የተከማቸው ነገር ካልተቈጠረ፥ ዘወትር እየታየ ካልተጠበቀ፥ የጎደለውም ካልተተካ፥ በችግር ቀን እንደሌለ ይቈጠራልና።

ስለ ክፉ ቀን መዘጋጀት የእምነት ጕድለት ነው የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አልጠፉም። ነገር ግን ኖኅ መርከቡን የሠራው ዝናሙ ሳይመጣ ነው፤ ዮሴፍም በግብፅ የጥጋቡ ዘመን ሳያልፍ ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ በየከተማው አከማቸ። የሁለቱም እምነት የተገለጠው በእንጨትና በእህል ነው። ኖኅ እምነት ስላለው መርከብ አያስፈልገኝም አላለም፤ ዮሴፍም ሕልሙን ከተረጐመ በኋላ ጎተራውን ባዶ አልተወም። ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዝናም፥ ስለ ወንዝና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር በቅዳሴዋ ስትጸልይ ገበሬው ከማረስ እንዲያርፍ አላዘዘችም።

ይህን ነገር ለመረዳት አንድ ሩቅ ሥፍራ መመልከት ይጠቅማል። ሱለይ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፥ በስተምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው፤ በዚያው ወገን በዚሁ ስም የሚጠራ ሸለቆም አለ። የሪያድ ከተማ ጥንት የተቈረቈረችው በሁለት ሸለቆዎች መካከል ነው፤ በምዕራብ ወዲ ሐኒፋ፥ በምሥራቅ ወዲ ሱለይ ይባላሉ። ዐረቦች «ወዲ» የሚሉት በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚኖረውንና ዝናም ሲወርድ በድንገት የሚሞላውን ሸለቆ ነው። በሪያድ በዓመት የሚወርደው ዝናም 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሄደ ሰው ጎርፍን የሚፈራበት ምክንያት እንደሌለ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በበረሓ ምድር ዝናሙ ጥቂት ቢሆንም የዓመቱ ድርሻ በጥቂት ሰዓት ሊወርድ ይችላል። መሬቱ ጠንካራ፥ ዕፀዋቱም ጥቂት ስለ ሆኑ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በላይ ይሮጣል። በከተማ ደግሞ አስፋልቱና ሲሚንቶው ይህንኑ ያብሳሉ። ከሩቅ ኮረብታ የተነሣው ውሃ ሸለቆውን ይዞ ሲወርድ፥ በታች ያለው ሰው በራሱ ላይ ደመና ሳያይ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። እንግዲህ ደረቅ ሸለቆ ወንዝ ያልሆነ ሥፍራ አይደለም፤ ውሃው ገና ያልመጣበት ወንዝ ነው።

ሰው ይህን ሲረሳ የሚሆነው በቅርብ ዘመን ብዙ ጊዜ ታይቷል። በኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. በጅዳ ከተማ በወረደው ዝናም ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እጅግ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ በጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠራ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 25 ቀን በሪያድ ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ የከተማውን መንገዶች አጥለቀለቀ። በኢትዮጵያም በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ደቻቱ በበጋ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ ወንዝ ነው፤ ያን ሌሊት ግን የጥንት መንገዱን አስታወሰ።

የሪያድ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ሁለት መከራ በአንድ ወቅት አዩ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ነገራቸውን እንዲያስተካክሉ የተሰጣቸው ጊዜ በጥቅምት 24 ቀን አበቃ። ከዚያ በኋላ በመንፉሐ ሰፈር ብጥብጥ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም ወደ ማቆያ ሥፍራ ተወሰዱ። በኅዳር ወር ከባድ ዝናም ወርዶ የከተማው መንገዶች በውሃ ተሞሉ። በተከታዮቹ ወራት ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። አንዱ መከራ ከሰማይ፥ ሌላው ከሰው የመጣ ቢሆንም፥ ሁለቱም ቤተሰብን የሚፈትኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነሣ ለተባለ ሰው ምን ተዘጋጅቶለታል?

በዐረብ ምድር የኢትዮጵያ ልጆች ከጎርፍ ጋር ሲታገሉ ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ዐረብ ምድር በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በኅዳር 26 ቀን የሚታሰቡት የናግራን ሰማዕታት በ523 ከተገደሉ በኋላ፥ ዐፄ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የሒምያርን መንግሥት ድል አደረገ። ከዚያም በኋላ ከአክሱም ሠራዊት ወገን የነበረው አብርሃ በደቡብ ዐረቢያ ገዥ ሆነ። የሮም ታሪክ ጸሓፊ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፥ አብርሃ በመጀመሪያ በአዱሊስ ወደብ በንግድ ይኖር የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር።

በአብርሃ ዘመን በማሪብ ታላቅ ግድብ ነበረ። ይህ ግድብ በኢየመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ ምዕት ዓመታት ቀድሞ የተሠራ፥ ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል፥ የሸለቆውን ጎርፍ አግዶ በሁለት ወገን ወደ እርሻ የሚያደርስ ነበር። ሌላው ሕዝብ የሚፈራው ጎርፍ ለማሪብ ሕዝብ እንጀራው ነበር። ነገር ግን ጎርፉ ደለል እያመጣ መሬቱን ከፍ ስለሚያደርገው ግድቡም እየተጠገነ ከፍ ማለት ነበረበት። በተዘነጋ ጊዜ ይሰበር ነበር፤ በ5ኛው ምዕት ዓመትም ተሰብሮ ተጠግኗል።

አብርሃ በ548 ያስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። ቋንቋው ሳባዊ ነው፤ ፊደሉም ለግእዝ ፊደል ዘመድ ነው። ጽሑፉ በአምላክ፥ በመሲሑና በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምራል፤ በማሪብ ቤተ ክርስቲያንና ካህን እንደ ነበረም ይናገራል። ንጉሡ ዐመፅን ለማብረድ በዘመተበት ጊዜ ግድቡ እንደ ተሰበረ ወሬ ደረሰው። ነገዶቹን ለሥራ ጠራቸው፤ ሰዎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ ግን ወረርሽኝ ገባ። አብርሃም ሥራውን አቁሞ ሕዝቡን ወደየቤቱ አሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ጠርቶ ሥራውን ፈጸመ። የአክሱም፥ የሮምና የፋርስ ነገሥታት መልእክተኞችም ወደ እርሱ መጡ።

በጽሑፉ መጨረሻ ለሠራተኛው ምግብ የወጣው ሁሉ ተቈጥሮ ተመዝግቧል፤ 50,806 መስፈሪያ ዱቄት፥ 26,000 መስፈሪያ ተምር፥ ብዙ ሺህም የእርድ ከብት። ይህን የሚያነብ ሰው የ«ዘገበ»ን ሁለት ትርጕም በአንድ ድንጋይ ላይ ያገኘዋል። ዱቄቱ አስቀድሞ ባይከማች ድንጋዩ አይነሣም ነበር፤ ባይቈጠርም ለስንት ሰው፥ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ባልታወቀ ነበር። ደግሞም ንጉሡ በወረርሽኙ ጊዜ ሰውን ከግንብ አስቀደመ። ግንብ ሰው ካለ ይታደሳል፤ ሰው ካለቀ ግን ግንቡን ማን ያነሣዋል?

አብርሃ በ552 ደግሞ ወደ መካከለኛው ዐረቢያ መዝመቱን ሌላ የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል፤ በዚያ ጽሑፍ የተጠቀሰው ሐሊባን ከሪያድ በስተደቡብ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ የሱለይ ምድር ከኢትዮጵያ ታሪክ ጨርሶ የራቀ አይደለም። አብርሃ ከሞተ በኋላ ግን የማሪብ ግድብ ብዙ አልቈየም። ሲሰበር እንደ ቀድሞው ነገዶችን የሚጠራ፥ ዱቄት የሚያከማች አልተገኘም፤ እርሻው ደረቀ፥ ሕዝቡም ተበተነ። ግድቡን ያጠፋው የመጨረሻው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ያልተጠገነባቸው ዓመታትም ናቸው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» ይባላል። በምፅዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ ዝናም ታጐለ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመሩ። በዚያ ዘመን የታየው ነገር በጎተራ ያለ እህል ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ዘር የቀረው ገበሬ እንኳ በሬ ስለ ሞተበት ማረስ አልቻለም። ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አበሉ፤ ሕዝቡም በሬ እስኪገኝ በእጁ እንዲቈፍር ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር አሳዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዝግጅት አንድ ዓይነት ብቻ መሆን እንደሌለበት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሲዘጋ ሁለተኛውን የሚያውቅ ቤተሰብ ከዐዘቅት ይወጣል።

የገዳማት ልማድም ይህንኑ ያስተምራል። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በነበረው የግራኝ ጦርነት ጊዜ ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ተወስደው ተርፈዋል። በሰላሙም ጊዜ የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠበቃል፥ እሳትም ቢነሣ በአንገት አንግቶ ለመውጣት ይመቻል። አባቶች ማኅደሩን የሰፉት ጠላት በደጅ ቆሞ ሳለ አይደለም።

በሱለይም ሆነ በሌላ ሥፍራ የሚኖር ቤተሰብ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ብዙ ነው። አስቀድሞ ቤቱ የቆመበት ምድር የሸለቆ መውረጃ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ፤ በምድር ቤት የሚያድር ሰውም በዝናም ሌሊት ወዴት እንደሚወጣ ይወቅ። ፓስፖርት፥ የመኖሪያ ወረቀት፥ የጋብቻና የልደት ምስክር እንደ ብራናው መጽሐፍ ማኅደር ያሻቸዋል፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታሥረው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ፥ ግልባጫቸውም በታመነ ዘመድ ዘንድ ይኑር። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ለሦስት ቀን የሚበቃ ይቀመጥ። እሳት የማይሻ ስንቅም አይጥፋ፤ በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ተምር ለዚህ የተመሰከረላቸው ናቸው። መድኃኒት፥ የእጅ ባትሪና ጥቂት ገንዘብ ከዚያው ጋር ይሁን። የዘመድ ስልክ ቍጥር በቃል ይጠና፤ ቤተሰቡ ቢለያይ የሚገናኝበት ሥፍራም አስቀድሞ ይወሰን።

ጎርፍ በመጣ ጊዜ ደግሞ የሚፈሰውን ውሃ በእግር ወይም በመኪና ለመሻገር መሞከር አይገባም። ከቍርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ያለ ፈጣን ውሃ ሰውን ሊጥል፥ እስከ ጕልበት የደረሰውም መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል። ውሃ ወደ ቤት ሳይገባ የኤሌክትሪክ ማጥፊያው ይዘጋ። በሪያድ ለአደጋ የሚጠራው ቍጥር 911 ነው። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ሰው እንኳ በፍርሃት ታሥሮ በውሃ ውስጥ ሊቀር አይገባውም፤ ወረቀት ዳግመኛ ይወጣል፥ ነፍስ ግን አትተካም።

ይህም ሁሉ ቢዘጋጅ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሥራ አይደለም። ውሃው ይለወጥ፥ በሶው ይታደስ፥ ጊዜው ያለፈ ወረቀትና መድኃኒት ይተካ። ለዚህም የተመቸ ቀን አለ፤ በየዓመቱ አንድ ጾም ሲገባ ወይም በዓለ ንግሥ ሲቀርብ ቤት እንደሚጠረግ ሁሉ የክፉ ቀኑም ስንቅ በዚያው ይፈተሽ። ካህናትም ለምእመናን ይህን ቢያሳስቡ ከአገልግሎታቸው የወጣ አይሆንም፤ የማሪብ ግድብ በተጠገነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑና ካህኑ ከሥራው አጠገብ ነበሩና። በደጁ የሚያልፈው ሸለቆ ዛሬ ደረቅ ነው፤ የሚዘጋጁትም እንዲህ ደረቅ ሆኖ ሳለ ነው።