የመስታወቱ የውጪ ፊት

መስታወት ሁለት ፊት አለው። የውስጡን ማንም ያጸዳዋል። ልጅ በጣቱ ቢያቆሽሸው፣ የወጥ ቤት እንፋሎት ቢያለብሰው፣ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አበስ ማድረግ ነው። ችግር ያለው የውጪው ነው። በጋ አቧራውን ያለብሰዋል፣ የመኪና ጭስ ቅባቱን ይለጥፍበታል፣ ክረምት ደግሞ ሁለቱን አቡክቶ ይመርግበታል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ የውጪ ፊት ነው። «ደግሞ መስኮት ማጽዳት ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ሕግ የወጣበት፣ ቅጣት የተጣለበት፣ የሰው ሕይወትም ያለፈበት ታሪክ አለው።

በቅድሚያ ሙያውን እንጨርስ። ሱፐርማርኬት ስትገቡ ሰማያዊ ፈሳሽ የተሞላ ባለ መርጫ ጠርሙስ ተደርድሮ ታያላችሁ። የዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ታዋቂው ዊንዴክስ አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሆኖብን ነው እንጂ፣ ሥራውን የሚሠራው ነገር ከየቤታችን ጓዳ አለ። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። በቃ! አቼቶው አሲድ ስለሆነ ውሃ ሲደርቅ ጥሎት የሚሄደውን ነጭ ነጠብጣብ ያሟሟል። ሳሙናው የጭሱን ቅባት ያላቅቃል። ሳሙና ከበዛ ግን እሱ ራሱ ዝንጉርጉር መስመር ጥሎ ይቀራል።

አሠራሩም ወግ አለው። መጀመሪያ ደረቁ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ አለዚያ አሸዋው መስታወቱን ይጭረዋል። ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታችው አይጸዳም፤ ፈሳሹ ሳይታበስ ይደርቅና መስመሩ ይቀራል። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። ውስጡን ወደ ጎን፣ ውጪውን ወደ ታች ያበሰ ሰው ደግሞ መስመር ቢቀር የየትኛው ፊት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የመስኮቱ ደፍ እብነ በረድ ከሆነ አቼቶው እንዳይንጠባጠብበት ነው፤ ይበላዋል። ከሁሉም በላይ አቼቶን ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ አይሠራም።

ማድረቂያውስ? ጋዜጣ ነዋ! የጋዜጣ ወረቀት ውሃ ይመጥጣል፣ እንደ አሮጌ ጨርቅም ብናኝ አይተውም። «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ርዕሰ አንቀጽ በስንቱ ቤት መስኮት ላይ ተጨምድዶ እንዳለፈ ቤት ይቁጠረው። እኛ ጸሐፊዎች ቅር ሊለን አይገባም። አንባቢን ማብራት ያልቻለ ጽሑፍ ቢያንስ መስታወት ያበራል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። የቀደመው የሀገራችን መስኮት መስታወት አያውቅም ነበር። ላሊበላ ወርዶ የቤተ ጊዮርጊስን መስኮቶች ያየ ሰው የድንጋዩን ጥርብ ያደንቃል እንጂ መስታወት አይጠብቅም። የባላገሩ ቤት ደግሞ የእንጨት መዝጊያ ካለው ትልቅ ነገር ነው። የእንጨት መዝጊያ አቼቶ አይፈልግም፤ ማንንም ደፍ ላይ አያቆምም።

በሌላው ዓለም መስኮት ላይ መስታወት መግጠም የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ከሮማውያኑ ከተማ ከፖምፔ የመስኮት መስታወት ተቆፍሮ ወጥቷል። ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ ነው የኖረው። እንግሊዞችማ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ብዛት ግብር አስከፍለዋል። ሕዝቡም ዘዴ አላጣም፤ ግብሩን ሽሽት መስኮቱን በጡብ ይደፍነው ጀመር። ዛሬም ድረስ በድሮ ቤቶቻቸው ላይ እንዲህ የተደፈኑ መስኮቶች ይታያሉ። በመስታወቱ በራሱ ላይ የነበረው ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲነሳ ዋጋው ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ለታላቁ ኤግዚቢሽን የተሠራው ክሪስታል ፓላስ ወደ 300,000 የሚጠጋ መስታወት ተገጥሞለት ቆመ። ብርሃን ረከሰ ማለት ነው።

ብርሃን ሲረክስ ታዲያ ሌላ ነገር መጣ። የከተማው ቤት ሦስትና አራት ፎቅ ነው። መስኮቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ዓይነት ነው፤ የውጪ ፊቱ ከውስጥ ሆኖ በቀላሉ አይደረስበትም። እመቤቲቱ ደግሞ መንገደኛው ሲያልፍ የሚያየውን የውጪውን ፊት ነው የምትፈልገው። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ በመስኮቱ ትወጣና ጠባቡ ደፍ ላይ ትቆማለች። ከበስተኋላዋ ያለው አየር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1847 የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። ስለ ከተሞች ፖሊስ የሚደነግግ ሕግ ነው። አንቀጽ 28 በመንገድ ላይ ሰው የሚያውኩ ድርጊቶችን ይዘረዝራል፤ መንገድ ላይ ምንጣፍ ማራገፍ፣ ካይት ማብረር፣ በረዶ ላይ መንሸራተት እያለ ይሄዳል። ከዚያ ዝርዝር መካከል አንዱ ግን ለየት ይላል። በአገልግሎቱ ሥር ያለ ሰው የመስኮቱን የውጪ ፊት ለማጽዳት ወይም ለመቀባት ደፍ ላይ እንዲቆም ያዘዘ ወይም የፈቀደ የቤት ባለቤት ይቀጣል ይላል። የምድር ቤት መስኮት ሲሆን ብቻ ነው ነፃ የሚሆነው። ቅጣቱ እስከ 40 ሺሊንግ ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሕጉ ከካይትና ከምንጣፍ ጋር መደርደሩን ስናይ፣ ጭንቀቱ ለልጅቷ ሳይሆን ከሥር ለሚያልፈው መንገደኛ አናት ሳይሆን አይቀርም ብለን ልንጠረጥር እንችላለን። ይሁንና ሁለት ቃላት አስቀምጦልናል፤ «ያዘዘ ወይም የፈቀደ» የሚሉትን። ጥፋቱን የጣለው ደፉ ላይ በቆመችው ላይ አይደለም። ቤት ውስጥ ሆኖ ባየው ላይ ነው። «እኔ አላዘዝኩም» ማለት አያድንም፤ አይቶ ዝም ያለም ፈቅዷል።

ከዚያ ወዲህ መስታወት እየሰፋም እየረዘመም ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1936 ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ አሜሪካ የገባ ጣሊያናዊ መስኮት አጽጂ፣ ከነሐስ እጀታ ላይ አንድ የጎማ ምላስ ያለውን ቀላል መጥረጊያ አበጀ። ባለሙያዎች ዛሬም የሚይዙት የዚያኑ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ እያንሳፈፈ ጠፍጣፋውን የሚያወጣበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ለጥ ያለ ሰፊ መስታወት የየሕንፃው ልብስ መሆን የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰማይ ጠቀሱን ለሚያጸዳው ሰው ቀበቶ፣ ገመድና ተንጠልጣይ ሳጥን ተሠራለት። ለቤት ሠራተኛዋ ግን በመቶ ዓመት ውስጥ የተሠራላት ነገር የለም። ያው ባልዲ፣ ያው ጨርቅ፣ ያው ደፍ።

የኛዋ ልጅ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የምድር ቤት ከተማ ነበረች። መስኮት ማጽዳት ማለት ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ቢበዛ ዱካ ላይ ወጥቶ፣ በጋዜጣ ማሸት ነው። ብትወድቅም አፈር ላይ ነው። እንዲህ የለመደች፣ ወይም ጭራሹን የመስታወት መስኮት በሌለው የገጠር ቤት ያደገች ልጅ ናት አውሮፕላን ተሳፍራ ቤይሩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ የምትገኘው። «መስኮቱን አጽጂ» ስትባል ቃሉ አንድ ነው። ከፍታው ግን ሌላ ነው።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ ሀገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 40ው ራሳቸውን እንዳጠፉ ተቆጥሯል። 24ቱ ከከፍታ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአሠሪ ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው። በሕመም የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ። ከሞቱት ውስጥ የኛ ልጆች ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ደግሞ ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ውጪ ተንጠልጥላ «ያዢኝ» እያለች ስትጮህ፣ አሠሪዋ በመርዳት ፈንታ በስልክ ስትቀርጻት ዓለም አየ። ልጅቷ ወድቃ ተረፈች፤ አሠሪዋም ተይዛ ነበር።

ቁጥሩ ሁሉ መስኮት በማጽዳት የመጣ አይደለም፤ እንዲያ ብል መዋሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን «ከመስኮት ወደቀች» የሚለው አጭር መርዶ ስንት ነገር እንደሚሸፍን አስቡት። ስታመልጥ ይሁን፣ ተስፋ ቆርጣ ይሁን፣ ተገፍታ ይሁን፣ ወይስ መስታወት ስታጸዳ፣ ቤተሰቧ የሚደርሰው ያው ሁለት ቃል ነው። መስኮት ማጽዳት ከሥራዋ ዝርዝር ውስጥ እስካለ ድረስ «ስታጸዳ አዳለጣት» ማለት ለማንም ይቀላል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል፣ የተደረገ ነገር አለ። ሲንጋፖር ውስጥ የኢንዶኔዥያ ልጆች በተከታታይ ወድቀው ሲሞቱ ኤምባሲያቸው ጮኸ። መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ደነገገ፤ ከምድር ቤት በላይ ያለ መስኮት በብረት ፍርግርግ ካልተቆለፈና አዋቂ ሰው ቆሞ ካልተቆጣጠረ ሠራተኛዋ የውጪ ፊቱን አታጸዳም። ሆንግ ኮንግ ደግሞ የፊሊፒንስ ቆንስላ ከጠየቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በመደበኛው የሥራ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች፤ መስኮቱ ፍርግርግ ሊኖረው ይገባል፣ ከክንዷ በቀር የሠራተኛዋ አካል ከደፉ አይወጣም። እንግሊዝ በ1847 ከጻፈችው እስከ ሲንጋፖሩ ድረስ 165 ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱም ድንጋጌዎች የመጡት የላኪ ሀገር ተወካዮች ጠረጴዛ መትተው ከጠየቁ በኋላ ነው። የኛም ልጆች በሚፈርሙት ውል ሁሉ ላይ ይህቺ አንቀጽ በማያሻማ ቃል ልትሰፍር ይገባል።

የሰው ሀገር ብቻ መውቀስ ግን ቀላል ነው። አሁን እኛም ፎቅ ላይ ወጥተናል። ኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ ነበረ፤ ሰባት ሆነ፤ አሥራ ሁለት ሆነ። በአንድ የመስከረም ዋዜማ በሰፈሬ ሳልፍ አንዲት ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በአንድ እጇ ፍሬሙን ይዛ፣ በሌላው ጋዜጣ ጨምድዳ፣ ከደፉ ውጪ ቆማ አየሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ግቢ!» አልኳት።

«ምንም አልሆንም ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ እየሳቀች።

እመቤቷ ድምፅ ሰምታ በረንዳው ላይ ብቅ አለች። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ አላዘዝኳትም! ራሷ ናት የወጣችው» አለችኝ።

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለሠራተኛዋም የምታዝን ናት። ልጅቷንም ወዲያው አስገባቻት። እኔ ግን የዚያ አሮጌ ሕግ ሁለተኛው ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ «ወይም የፈቀደ»። የኛ ሕግ እዚህ ቤት አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሥራን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ተወው። ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ከፍ ያለ ቦታ ሲወጣ የደኅንነት ጉዳይ ይነሳል። የቤት ሠራተኛዋ ስትወጣ ጎረቤት ነው የሚጮኸው።

ሕግ እስኪመጣ ግን ባለቤቱ እጅ ላይ ያለ ነገር አለ። ተንሸራታቹ መስኮት ብዙ ጊዜ ተነስቶ ከውስጥ ይጸዳል። ረጅም እጀታ ያለው የጎማ መጥረጊያ ክንድ የማይደርስበት ይደርሳል፤ ፍርግርግም ይገጠማል። አንድ አቅም ያለው ባለቤት ቀበቶና ገመድ ያላቸውን ባለሙያዎች በዓመት አንዴ ይጠራል። በነዚህ ሁሉ የማይደረስበት መስታወት ካለ ደግሞ እንዳለ ይቀመጥ። አቧራ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ሰው አይገድልም።

ለእንቁጣጣሽ ቤታችሁን ስታጸዱ እንግዲህ አቼቶውንም ጋዜጣውንም አዘጋጁ፤ ይህም ገጽ ቢሆን ለዚያ ይበቃል። መስኮቱን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ለልጅቷ አፍ አውጥታችሁ ንገሯት፤ «ከደፉ እንዳትወጪ፣ የማይደርስሽን ተዪው» በሏት። ሳትነግሯት ዝም ካላችሁ እሷ ትወጣለች። በሰው ቤት የምትኖር ልጅ የእመቤቷን ዝምታ እንደ ትዕዛዝ ነው የምትሰማው።