ክለብ ተጫዋች ይገዛል ወይስ ያፈራል?

ታዳጊ ቡድን ከዋናው ቡድን በታች ተደራጅቶ ወጣቶችን በዕድሜ ከፍሎ የሚያሠለጥን የክለብ ክፍል ነው። አሜሪካውያን በቤዝቦል ስፖርት ይህንኑ «እርሻ» ይሉታል። ስያሜው ለገበሬ እንግዳ አይኾንም፤ ችግኙን በራሱ መደብ ያፈላ ሰው ምን እንደሚተክል ያውቃል።

አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስፋፋው የሴይንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኀላፊ ብራንች ሪኪ ነው። ክለቡ ከሀብታሞቹ ጋር ተጫርቶ ተጫዋች መግዛት አልቻለም። ስለዚህ በትናንሽ ከተሞች ያሉ ቡድኖችን እየያዘ ወጣቶችን አሳደገ፤ በ1926ም ኒው ዮርክ ያንኪስን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። አሠራሩ ግን ነቀፋም ነበረበት። በ1938 የቤዝቦል የበላይ ዳኛ ክለቡ በእጅ አዙር ይዟቸው የነበሩ በርካታ ወጣቶችን ከውላቸው ነፃ አውጥቷል።

የሀገራችን ፕሪሚየር ሊግ ችግር ከዚያ ብዙም አይርቅም። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አሥተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ከበጀቱ የሚበዛው ደግሞ ለደመወዝ ይውላል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ከውል ሰነድ ውጭ ይፈጸማል የሚባለው ክፍያ ግን በስፖርቱ አካባቢ የታወቀ ወቀሳ ኾኖ ቀጠለ። ጣሪያ ወጪን ሊገታ ይችላል፤ ተጫዋች ግን አያፈራም።

የጣና ሞገዶቹ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀሉት በ2011 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመሩ ሊጉን ሁለተኛ ኾነው ጨረሱ፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም የታንዛኒያውን አዛም ጥለው አለፉ። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ የተጫዋቾቹ ዋጋ ይንራል፤ ብዙዎቹ ውላቸው አጭር በመኾኑም በነፃ መሄድ ይችላሉ። ክለቡ በየክረምቱ ወደ ገበያ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ላሳዳጊ ክለብ የሚከፈል ገንዘብ መኖሩን ብዙ ሰው ልብ አይልም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው 0.5 በመቶ ነው። ልጁን ከ12 ዓመቱ አንሥቶ ለስድስት ዓመታት የያዘ ክለብ 2 በመቶ ይደርሰዋል። የዝውውሩ ዋጋ 500 ሺህ ዶላር ቢኾን ይህ 10 ሺህ ዶላር ነው።

ገንዘቡ የሚገኘው ግን ልጁ በየዓመቱ በፌዴሬሽኑ መዝገብ በክለቡ ስም ተመዝግቦ ከኾነ ነው። በየሰፈሩ ሜዳ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥኑ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ ይህ ወረቀት የላቸውም። ወላጆችም ልጃቸው በየትኛው ቡድን ስም፣ በምን የልደት ቀን እንደተመዘገበ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ኋላ ላይ የሚታረም የልደት ቀን ልጁንም ክለቡንም ይጎዳል።

ሽያጭ ሩቅ ሕልም አይደለም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጥሮ በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጧል።