ዝም ያለው ጆይስቲክ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተራ ጠብቆ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አጥቂው ከኋላ ሲጠለፍ በእጁ የያዘው ጆይስቲክ ይርገፈገፋል። ማንም ሳያስተምረው እጁ ራሱ መልእክቱን ይረዳዋል፤ ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ ሳይነሳ አንድ ነገር እንደተፈጠረ ያውቃል።

ይህች ንዝረት ግን በአንድ ወቅት ከፕሌይስቴሽን ላይ ድንገት ጠፍታ ነበር። ጠፍታም አልቀረች፤ ተመልሳ መጣች። ባለቤቱ ኩባንያ ስትጠፋ የሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ትልልቅ ተቋማት «ይህ ነገር ከእንግዲህ አያስፈልግም» ሲሉ እንዴት መስማት እንደሚገባ ያስተምራሉ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚዛኑን የሳተ ሞተር

የንዝረቱ አሠራር ምሥጢር የለውም። በጆይስቲኩ እጀታ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ። በሞተሩ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ብረት ተገጥሟል። ሞተሩ ሲሽከረከር ብረቱ ሚዛን ያሳጣውና ሙሉው ዕቃ ይንቀጠቀጣል። ልብስ በአንድ ጎን የተከመረበት ማጠቢያ ማሽን ወለሉን እየደበደበ እንደሚንፈራገጠው ማለት ነው። የድሮ ሞባይሎች ቫይብሬትም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ሴጋ በ1976 ባወጣው የሞተር ሳይክል ጌም ላይ ተጫዋቹ የሚይዘው መሪ ግጭት ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ግን በሳንቲም የሚሠራ፣ በመጫወቻ አዳራሽ የሚቆም ትልቅ ማሽን ነው። ንዝረት ወደ ሳሎን በደንብ የገባው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ኔንቲዶ በ1997 «ራምብል ፓክ» የተባለ ተቀጥላ «ስታር ፎክስ 64» ከተባለው ጌም ጋር ለገበያ አቀረበ። ከጆይስቲኩ ሥር የሚሰካ፣ በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር።

ሶኒ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ዱዋልሾክ»ን ጃፓን ውስጥ አወጣ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሞተር፣ የራሳቸው ባትሪ ሳያስፈልጋቸው፣ እጀታዎቹ ውስጥ ተቀብረው መጡ። ከዚያ ወዲህ ንዝረት ተጨማሪ ዕቃ መሆኑ ቀረና የጆይስቲክ ተፈጥሮ ሆነ። ፕሌይስቴሽን 2ም ሆነ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ከነንዝረታቸው ነው ወደ ገበያ የወጡት።

የንክኪ ባለርስት

እዚህ ላይ ሦስተኛ ወገን ብቅ ይላል። ሉዊስ ሮዘንበርግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰው በኮምፒውተር የተፈጠረን ነገር በእጁ እንዲዳስስ የሚያደርግ ምርምር ያካሄደ መሐንዲስ ነው። በ1993 «ኢመርሽን» የተባለ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረተ። ኩባንያው እንደ ሶኒ የጌም ማሽን አይሸጥም። ዋና ሀብቱ ፓተንት ነበር፤ ሌሎች በፈቃድ እየተጠቀሙ የሚከፍሉበት የፈጠራ መብት።

ኢመርሽን ርስቱን በግዢም አስፋፍቷል። በ2000 «ቨርቹዋል ቴክኖሎጂስ» የተባለ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ጓንት አምራች ገዛ። ከጓንቱ ጋር ፓተንቶቹ አብረው መጡ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ፣ መነሻ ማመልከቻቸው ዱዋልሾክ ከመውጣቱ በፊት የገባ፣ ኮምፒውተር ሚዛን የሳተ ሞተርን አዝዞ የሰውን እጅ እንዲያንቀጠቅጥ የሚያደርግበትን መንገድ የሚመለከቱ ነበሩ። ለጓንት የተጻፈው መብት ለጆይስቲክ ዋለ።

በየካቲት 2002 ኢመርሽን ሶኒንና ማይክሮሶፍትን በአንድ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ሁለት ኩባንያ፣ ሁለት ምርጫ

ማይክሮሶፍት ሙግቱን አልገፋበትም። በ2003 ከኢመርሽን ጋር ተስማማ። 20 ሚሊዮን ዶላር ለፈቃዱ ከፈለ፤ በ6 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ የኢመርሽንን አክሲዮን ገዛ። ብልጠቱ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በውሉ ውስጥ ነበር። ኢመርሽን ወደፊት ከሶኒ ጋር ተስማምቶ ገንዘብ ከተቀበለ ለማይክሮሶፍት ድርሻ የሚያስገኝ አንቀጽ ተጽፎበታል። ተከሳሹ በከሳሹ ድል ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

ሶኒ ግን እስከ መጨረሻው እሟገታለሁ አለ። ፓተንቱ ዋጋ የለውም፣ ቢኖረውም አልጣስንም ብሎ ተከራከረ። በመስከረም 2004 የሕዝብ ዳኞች ክርክሩን አልተቀበሉትም፤ 82 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑበት። በመጋቢት 2005 ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ውሳኔውን አጸኑ። ዕዳው ከነወለዱ ወደ 90.7 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ከዚህም በላይ የፕሌይስቴሽን ማሽኖች፣ ጆይስቲኮቻቸውና 47 ጌሞች አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጡ የእግድ ትእዛዝ ተሰጠ። ሶኒ ይግባኝ ስላለ እግዱ ሳይፈጸም ቆየ። ሰይፉ ግን ከሰገባው ወጥቶ ነበር።

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያዘጋጅ የነበረው በዚህ ሰይፍ ሥር ነው።

«ያለፈው ትውልድ»

በግንቦት 2006 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሶኒ የአዲሱን ማሽን ጆይስቲክ ለዓለም አሳየ። ስሙ «ሲክስአክሲስ» ነው። ሲያዘነብሉትና ሲያዞሩት እንቅስቃሴውን የሚያነብ ሴንሰር አለው። ንዝረት ግን የለውም። ከዱዋልሾክ ጋር የተለማመደ ሰው ገና ሲያነሳው ልዩነቱ ይሰማው ነበር፤ ሞተሮቹ ስለወጡ ቀሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

የተሰጠው ምክንያት ቴክኒካዊ ነበር። ንዝረቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን ያውካል ተባለ። ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ውስጥ ያለ ሴንሰር የሰውዬውን እጅና የሞተሩን መርገፍገፍ ለይቶ ማንበብ አለበት። የኢመርሽን ኃላፊ ግን ወዲያው ወጥተው ችግሩ ሊፈታ የሚችል መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። እርግጥ እሳቸው ጥቅም ያላቸው ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን በጥርጣሬ መስማት ተገቢ ነው።

ጥርጣሬውን ያነሳው ሌላ ምስክር ነው። በኅዳር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 አሜሪካ ገበያ በገባ በሁለተኛው ቀን የኔንቲዶ «ዊ» ተከተለው። የዊ ጆይስቲክ እንቅስቃሴን ያነባል፤ ይንቀጠቀጣልም። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ ከሶኒ ማሽን በብዙ በሚያንስ ዋጋ።

በ2007 መባቻ ደግሞ ንግግሩ ተቀየረ። በዚያን ጊዜ ከሶኒ የጌም ዘርፍ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ፊል ሃሪሰን ንዝረት ያለፈው ትውልድ ነገር እንደሆነ፣ የሚመጣው ትውልድ መለያ እንዳልሆነ ገለጹ። መጀመሪያ «አንችልም» ነበር፤ አሁን «አያስፈልግም» ሆነ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ብዙም አልቆየ። መጋቢት 1 ቀን 2007 ሶኒና ኢመርሽን ሙግቱን በስምምነት መቋጨታቸውን አስታወቁ። ሶኒ ይግባኙን ተወ። ኢመርሽን እስከዚያ የተከፈለውን የፈቃድ ገንዘብ ጨምሮ 97.3 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ በየሩብ ዓመቱ የሚከፈል ሌላ 22.5 ሚሊዮን ዶላርም ታሰበለት። በመስከረም ወር ጃፓን ውስጥ «ዱዋልሾክ 3» ይፋ ሆነ። ሲከፈት ውስጡ ምን ተገኘ? የእንቅስቃሴ ሴንሰሩም አለ፤ ሞተሮቹም አሉ። አብረው አይኖሩም የተባሉት ሁለቱ በአንድ ቤት በሰላም ይኖሩ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ማይክሮሶፍትም ውሉን ይዞ መጣ። በ2007 ኢመርሽን ድርሻዬን ከልክሎኛል ብሎ ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ኢመርሽን 20.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተገላገለ። ማይክሮሶፍት በ2003 ለፈቃዱ ያወጣው ገንዘብ ከነምርቃቱ ተመለሰለት።

ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው?

ይህን ታሪክ የሁለት ሀብታሞች ጠብ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ሦስተኛ ወገን አለ። ያ ወገን በፍርድ ቤት አልቆመም፤ ጠበቃም አልነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ፕሌይስቴሽን 3ን የገዛው ሰው ነው። ትልቁ ሞዴል አሜሪካ ውስጥ 599 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚህ ዋጋ የተሰጠው ጆይስቲክ ከዚያ በፊት ከነበረው አንድ ስሜት የጎደለው ነበር። ጉድለቱም እንደ እድገት ተነገረው።

የኢመርሽን ወገን የራሱ ክርክር አለው። ትንሽ ኩባንያ በሕግ የተመዘገበ መብቱን ከግዙፍ ኩባንያ አስከብሯል፤ ሕጉ የተጻፈውም ለዚህ ነው። ሶኒም መብቱ የእኔ ነው የሚሉትን በፍርድ ቤት መሞገቱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። «ፍርድ ቤት ነን፤ እስኪለይለት አውጥተነዋል» ማለት ይቻል ነበር። ደንበኛው ይከፋው ይሆናል እንጂ አይታለልም። የተመረጠው ግን ሰው በገዛ እጁ የሚያውቀውን ነገር ዋጋ ማራከስ ሆነ።

ተመልሶ የመጣው ንክኪ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለዚያ ንግግር የተሰጠ መልስ ይመስላል። ማይክሮሶፍት በ2013 በኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ ቃታዎች ውስጥ ሳይቀር ትንንሽ ሞተሮች ቀበረ። ኔንቲዶ በ2017 በስዊች ላይ የሚሽከረከረውን ሞተር ትቶ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስስ ንዝረት አመጣ። በግንቦት 2019 ሶኒና ኢመርሽን፣ የቀድሞዎቹ ባላጋራዎች፣ አዲስ የፈቃድ ስምምነት መፈራረማቸውን አስታወቁ።

በሚያዝያ 2020 ደግሞ ሶኒ የፕሌይስቴሽን 5ን ጆይስቲክ «ዱዋልሴንስ»ን አስተዋወቀ። ከሁሉ በፊት የተወራለት ባሕርይ ምን ነበር? መዳሰስ። ያለፈው ትውልድ ነገር የተባለው የአዲሱ ትውልድ መለያ ሆኖ መጣ።

አሠራሩ በእርግጥም ተለውጧል። ሚዛን የሳተው ሞተር ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ ይፈልጋል፤ ንዝረቱን ለማጠንከር ፍጥነቱን መጨመር ግድ ነው። ዱዋልሴንስ ውስጥ ያሉት ግን እንደ ድምፅ ማጉያ የሚሠሩ ናቸው። በማግኔት መካከል ያለ የሽቦ ጥቅልል ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ስለዚህ ፍጥነቱና ጥንካሬው ለየብቻ ይታዘዛሉ። ከማሽኑ ጋር አብሮ በሚመጣው «አስትሮስ ፕሌይሩም» ጌም ላይ አሸዋ መርገጥና ብረት መርገጥ፣ ዝናብና ንፋስ ለእጅ የተለያዩ ሆነው ይሰማሉ።

ቃታዎቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ከእያንዳንዱ ቃታ ኋላ ትንሽ ሞተር አለ። ሞተሩ ጥርሳማ ጎማ እያዞረ አንድ ክንድ ወደ ቃታው ይገፋል። ጌሙ ባዘዘው ቦታ ላይ ጣት ተቃውሞ ይገጥመዋል። ቀስት ሲወጠር ይከብዳል፤ መሣሪያ ሲነክስ ይደነቃቀፋል። በ2021 የወጣው «ሪተርናል» ይህን ለጌጥ ብቻ አልተጠቀመበትም። ቃታው እስከ ግማሽ ሲሳብ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ጣት ተቃውሞውን አልፎ እስከ ጫፍ ሲስበው ሌላ። ንክኪው ራሱ የጨዋታው ቋንቋ ሆነ። ጣቱ የሚደክመው ወይም የሚያመው ሰው ደግሞ ኃይሉን መቀነስ ወይም ጨርሶ ማጥፋት ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ውሳኔው የተጫዋቹ ነው፤ በ2006 ግን ተወስኖለት ነበር።

የባለርስቱስ መጨረሻ? ኢመርሽን መክሰሱን አልተወም። በ2022 ሜታን፣ በ2023 ቫልቭን ከስሷል። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ የመጻሕፍት መደብሮችን የሚያስተዳድረውን «ባርንስ ኤንድ ኖብል ኤዱኬሽን» በቁጥጥሩ ሥር አስገባ። መዳሰስን ርስት አድርጎ የተነሳው ኩባንያ መጽሐፍ ሻጭ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ቁም ነገር ከጌም ይሰፋል። ትልቅ ተቋም ሕዝብ የለመደውንና የወደደውን ነገር አንስቶ «ጊዜው አልፎበታል» ሲል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እውነት አልፎበታል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ቢቀጥል ማን ለማን ስንት ይከፍል ነበር?» የሚለውም ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ መግለጫው ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ማገላበጥ የማይችል ሰው ደግሞ ቢያንስ የገዛ እጁን ይመን። በ2006 ያን ቀላል ጆይስቲክ ያነሳ ልጅ አንድ ነገር እንደጎደለ ያወቀው ጠበቃ ሳያስረዳው ነው።